የሚገድለው ቅባት እና የሚያሟሟው ምራቅ፦ የደም ጠጪዋ የሌሊት ወፍ ጉዳይ

ሥራው የሚሠራው በጨለማ፣ በተለይም ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት ነው። በከብቶች በረት ዙሪያ ዓይን የማይለየው ቀጭን መረብ ይዘረጋል። ደም ጠጪዋ የሌሊት ወፍ ከብት ፍለጋ ዝቅ ብላ ስትበር መረቡ ውስጥ ትገባለች። ወፍራም የቆዳ ጓንት ያጠለቀ ሰው ከመረቡ እየፈታ ያወጣታል፤ በጀርባዋ ጠጉር ላይ ጥቂት ቅባት ይቀባና መልሶ ይለቃታል። ወደ ዋሻዋ ትመለሳለች። እዚያ ጓደኞቿ እንደ ልማዳቸው ይልሷታል፣ ጠጉሯንም ያበጥሩላታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እሷም የላሷትም ደማቸው ከውስጥ እየፈሰሰ ይሞታሉ።

ቅባቱ ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያስገቡ፣ ወይም የእግራቸው ደም ሥር ውስጥ ደም የረጋባቸው ሰዎች ለዓመታት በየቀኑ የሚውጡት ያው ዋርፋሪን።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ሌላኛው ገጽታው ነው። በዚህ ቅባት የምትገደለው የሌሊት ወፍ ምራቅ፣ የረጋን ደም በማሟሟት ረገድ ተፈጥሮ ከሠራቻቸው ረቂቅ ንጥረ ነገሮች አንዱን ይዟል። ሐኪሞች ከዚያ ምራቅ የስትሮክ መድኃኒት ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ በሰው ላይ ሞክረዋል። የመድኃኒቱን ታሪክ የሚያውቁት የአንጎል ሐኪሞች ናቸው፤ የቅባቱን ታሪክ የሚያውቁት የእንስሳት ሐኪሞችና ከብት አርቢዎች። ሁለቱ ታሪኮች ተቀራርበው ሲተረኩ እምብዛም ስላልገጠመኝ እዚህ አንድ ላይ አምጥቻቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንስሳዋ

በዓለም ላይ ካሉት ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ደም ብቻ የሚመገቡት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የሚኖሩት በላቲን አሜሪካ ነው። ሁለቱ የወፍ ደም ይመርጣሉ። ሦስተኛዋ፣ በሳይንስ ስሟ ዴስሞደስ ሮተንደስ፣ የአጥቢ እንስሳትን ደም ትጠጣለች። ከሰሜን ሜክሲኮ አንሥቶ እስከ አርጀንቲናና ቺሊ ድረስ ትገኛለች። ክብደቷ ከ25 እስከ 40 ግራም ቢሆን ነው፤ በአንድ መዳፍ ውስጥ ትገባለች።

ብዙ ሰው አንገት ላይ ተጣብቃ የምትመጥ አድርጎ ያስባታል። እውነቱ ሌላ ነው። ከተኛው ከብት አጠገብ መሬት ላይ ታርፍና በክንፎቿ መገጣጠሚያና በኋላ እግሮቿ እየተራመደች ትጠጋለች። አፍንጫዋ ላይ ሙቀት የሚለዩ ነርቮች ስላሏት ደም ለቆዳ የቀረበበትን ቦታ ታገኛለች። እንደ ምላጭ በሳሉ የፊት ጥርሶቿ ከቆዳው ትንሽ ቁራጭ ታነሣለች፤ ከብቱ ብዙ ጊዜ አይነቃም። ከዚያም አትመጥም፣ ትልሳለች። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ያህል እየላሰች የክብደቷን ግማሽ የሚደርስ ደም ልትጠጣ ትችላለች። ጠዋት አርቢው በረቱን ሲከፍት የሚያየው ከብቱ አንገት ላይ ቁልቁል ወርዶ የደረቀ የደም መስመር ነው። እሷ ከሄደች በኋላም ቁስሉ ለረጅም ጊዜ መድማቱን አላቆመም ነበር።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ጠቅላላው ጉዳይ የተቋጠረው በዚህ ቁስል ውስጥ ነውና። ቆዳ ሲቆረጥ ሰውነት ፈጥኖ ይደፍነዋል። ፕሌትሌት የተባሉት የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ይጣበቃሉ፤ ከዚያም አንዱ ሌላውን የሚቀሰቅስበት የኬሚካል ሰንሰለት ይነሣና መጨረሻው ላይ ፋይብሪን የተባለ ክር ይፈተላል። ክሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ደሙን እንደ መረብ ይይዘዋል። ደም ረጋ የምንለው ይህን ነው። የሌሊት ወፏ እራቷን ለመብላት ይህን ሥርዓት ለግማሽ ሰዓት ማሸነፍ አለባት። ምራቋ ይህን የሚያደርገው በሁለት በኩል ነው። ድራኩሊን የሚል ስም የተሰጠው ፕሮቲን ሰንሰለቱን መሀል ላይ በማገድ አዲስ እንዳይረጋ ያደርጋል። ሌላው ኢንዛይም ደግሞ ረግቶ የተገኘውን ያፈርሳል፤ በደም ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀውን ፕላዝሚኖጅን የተባለ ፕሮቲን ይቀሰቅስና የፋይብሪኑን ክር እንዲቆራርጠው ያደርጋል።

ሁለትና ሦስት ሌሊት ደም ካላገኘች በረሃብ ትሞታለች። ስለዚህ እርስ በርስ ይረዳዳሉ። ጄራልድ ዊልኪንሰን በ1984 ከኮስታ ሪካ ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ የጠገበችው የሌሊት ወፍ ሳይቀናት ለተመለሰችው ከሆዷ ደም አውጥታ ታካፍላታለች። መላላስና መበጣጠርም የዚሁ ቅርርብ አካል ነው። የሚገድለው ቅባት የሚሠራው በዚሁ ቅርርብ ላይ ተንተርሶ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይከብደኛል። እንስሳዋ ሰባት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ የምትወልድ መሆኗም ሲታሰብ፣ በአንድ ሌሊት የተመታ መንጋ ቶሎ አያገግምም።

ከምራቅ ወደ ሐኪም እጅ

የምራቁን ኃይል በሳይንስ መጀመሪያ ከጻፉት አንዱ ብራዚላዊው ኦቶ ቢየር ነው፤ በ1932። በ1966 ለንደን ውስጥ ክርስቲን ሆኪ በምራቁ ውስጥ ፕላዝሚኖጅን ቀስቃሽ መኖሩን አሳየች። እስከ 1991 ባሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ሁለት የመድኃኒት ኩባንያዎች፣ የአሜሪካው መርክና የጀርመኑ ሼሪንግ፣ የኢንዛይሙን ዘረ መል ለይተው በቤተ ሙከራ ለማምረት በቁ። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሙ የተመረተው በሃምስተር ሕዋሳት ውስጥ ነው። ለመድኃኒቱ ሲባል የሌሊት ወፍ ማደን አላስፈለገም፤ ቅጂው በቂ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ተፈለገ? በወቅቱ የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ስትሮክ ለመታው ሰው የነበረው መድኃኒት ቲፒኤ የተባለው የረጋ ደም አሟሚ ብቻ ነበር። አሜሪካ ለስትሮክ የፈቀደችው በ1996 ነው፤ መሰጠት ያለበትም ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ነበር። ኋላ በ2008 በወጣ ጥናት ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። ስትሮክ የመታውን ሰው ቤተሰቦቹ እስኪያዩት፣ ሆስፒታል እስኪደርስ፣ ጭንቅላቱ በምስል እስኪመረመር ይህ ሰዓት ያልቃል። አብዛኛው ታማሚ ከሰዓቱ ውጪ ይቀር ነበር። ሌላው ችግር ቲፒኤ ከረጋው ደም ውጭም መሥራቱ ነው፤ የሚፈራውም አንጎል ውስጥ ደም እንዳይፈስ ነው።

የሌሊት ወፏ ኢንዛይም በዚህ ረገድ የተለየ ነበር። ቲፒኤ ፋይብሪን ሲያገኝ ጉልበቱ በቤተ ሙከራ ልኬት ወደ 550 እጥፍ ይጨምራል፤ ይኸኛው ግን ወደ 105,000 እጥፍ። በሌላ አነጋገር፣ የረጋ ደም እስኪያገኝ ድረስ ከሞላ ጎደል እንደተኛ ነው። በደም ውስጥ የሚቆየውም ለሰዓታት ነው፤ ቲፒኤ በደቂቃዎች ይጠፋል። በ2003 በእንስሳት ላይ የተደረገ ሥራ ደግሞ ቲፒኤ በአንጎል ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ተጨማሪ ጉዳት ይህ ኢንዛይም እንደማያደርስ አመለከተ። ዴስሞቴፕሌዝ የሚል የመድኃኒት ስም ተሰጠው፤ የጀርመኑ ኩባንያ ፓዮን፣ ኋላም የዴንማርኩ ሉንድቤክ ሥራውን ያዙ።

የመጀመሪያው ሙከራ ዲያስ ይባል ነበር፤ ውጤቱ የወጣው በ2005 ነው። ሕመማቸው ከጀመረ ከ3 እስከ 9 ሰዓት የሆናቸው 104 ሰዎች ተሳተፉ። አጀማመሩ አስደንጋጭ ነበር። ለሁሉም በእኩል መጠን ሲሰጥ ከ100 ታማሚ በ26.7 ያህሉ አንጎል ውስጥ አደገኛ ደም መፍሰስ ተከሰተና ክፍሉ ተቋረጠ። መጠኑ በእያንዳንዱ ሰው የሰውነት ክብደት ተሰልቶ በጣም ሲቀነስ አደጋው ወደ 2.2 በመቶ ወረደ። በከፍተኛው መጠን ከታከሙት በ71.4 በመቶው የተዘጋው ደም ሥር ሥር ያለው የአንጎል ክፍል ደም አገኘ፤ ለማነጻጸር ሲባል ምንም የማይሠራ ባዶ መድኃኒት ከተሰጣቸው ግን በ19.2 በመቶው ብቻ። ከ90 ቀን በኋላ ጥሩ ደረጃ ላይ የተገኙትም በከፍተኛው መጠን 60 በመቶ፣ በባዶው 22.2 በመቶ ነበሩ። ያን ጊዜ በሕክምና መጽሔቶች ላይ የነበረውን ተስፋ እረዳለሁ፤ የሰዓቱ ገደብ በሦስት እጥፍ ሊሰፋ ነበርና።

ተስፋው ግን አልዘለቀም። በ2009 የወጣው ዲያስ 2 ለውጥ አላሳየም፦ በዝቅተኛው መጠን 47 በመቶ፣ በከፍተኛው 36 በመቶ፣ በባዶው መድኃኒት 46 በመቶ ተሻላቸው። በከፍተኛው መጠን ከታከሙት የሞቱት 21 በመቶ ነበሩ፤ በባዶው 6 በመቶ። አንዱ ምክንያት ተብሎ የተነገረው ብዙዎቹ ታማሚዎች በምስል የሚታይ የተዘጋ ደም ሥር ያልነበራቸው መሆኑ ነው፤ የሚሟሟ ነገር ከሌለ አሟሚ ምን ይሠራል? ስለዚህ ዲያስ 3 የተዘጋ ወይም በጣም የጠበበ ደም ሥር የታየባቸውን ብቻ መርጦ 492 ሰው አሳተፈ። ውጤቱ በ2015 ታተመ፦ ራሳቸውን ችለው መኖር የቻሉት ከመድኃኒቱ ጋር 51 በመቶ፣ ያለ መድኃኒቱ 50 በመቶ። አደጋ አላመጣም፣ ጥቅምም አላመጣም። ዲያስ 4 ሳያልቅ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ገብቶ የሚጎትት ሕክምና በትልልቅ ሙከራዎች አሸነፈ፤ የስትሮክ ሐኪሞች ዓይንም ወደዚያ ዞረ።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ለዱር እንስሳት ጥበቃ የሚሟገቱ ጽሑፎች እዚህ ጋ ስለሚያጥሩ ነው። “የሌሊት ወፏ የስትሮክ መድኃኒት ሰጠችን፣ ስለዚህ እንጠብቃት” የሚል አነጋገር ዛሬም ይገኛል። አልሰጠችንም። እንስሳ የሚጠበቀው ከምራቁ መድኃኒት ስለሚወጣ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሲወድቅ ጥበቃውም ይወድቃል። ክርክሩ በጠንካራው መሠረት ላይ ይቁም ካልን መመለስ ያለብን ጥያቄ ሌላ ነው፦ ግድያው የታሰበለትን ሥራ፣ ማለትም የእብድ ውሻ በሽታን መግታት፣ ሠርቷል ወይ?

ቅባቱ ከየት መጣ

የዋርፋሪን ታሪክም የሚጀምረው ከከብት ነው። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ያለ ምክንያት እየደሙ ይሞቱ ጀመር። በ1933 አንድ አርሶ አደር በበረዶ ወጀብ ውስጥ የሞተች ጊደሩንና በወተት ዕቃ የያዘውን የማይረጋ ደም ጭኖ፣ ማዲሰን ከተማ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የካርል ፖል ሊንክ ቤተ ሙከራ ደረሰ። የሊንክ ቡድን ከድርቆሹ ውስጥ ጥፋተኛውን ንጥረ ነገር ለይቶ ለማውጣት ዓመታት ፈጀበት። ከዚያ ሥራ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ፤ በ1955 የልብ ድካም የመታቸው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ታከሙበት። ስሙ ራሱ የምርምሩን ባለመብት፣ የዊስኮንሲን የቀድሞ ተማሪዎች ምርምር ድርጅትን ምኅጻረ ቃል ይዟል።

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በመጀመሪያ ሜክሲኮ ውስጥ በተደረገ ምርምር፣ የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች ወደ ሌሊት ወፍ ማጥፊያነት ተለወጡ። ከዚያ በፊት የነበረው የከፋ ነበር ማለት ተገቢ ነው፤ ዋሻዎች በድማሚት ይፈርሱ፣ በጋዝና በእሳት ይሞሉ ነበር። ዋሻው ውስጥ የተገኘ ሁሉ አብሮ ያልቃል፤ ነፍሳት የሚበሉት፣ አበባ የሚያራቡት፣ የፍሬ ዘር የሚበትኑትም ጭምር። ቅባቱ ደም ጠጪዎቹን ለይቶ ስለሚመታ እንደ መሻሻል ታየ፤ በንጽጽር ሲታይም መሻሻል ነበር። ሆኖም ገጠር ውስጥ ሰው ሁሉ ዝርያ አይለይም። እሳት ይዞ ወደ ዋሻ የሚሄድ ሰው ዛሬም አልጠፋም። ዴስሞደስ ራሷ ከመጥፋት ሥጋት ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ከብት በበዛበት አገር ምግብ አላጣችም። በስሟ የሚሞቱት ሌሎቹ ናቸው የሚያሳስቡት።

አርቢዎቹን መውቀስ ግን አልችልም። ራቢስ፣ በተለምዶ የእብድ ውሻ በሽታ የምንለው፣ በዚያ አካባቢ የሚመጣው ከውሻ ይልቅ ከሌሊት ወፍ ነው። አንቶኒዮ ካሪኒ በ1911 ብራዚል ውስጥ ጠርጥሮ ጻፈ፤ ጆሴፍ ፓዋን በ1931 ትሪኒዳድ ውስጥ ሰዎችና ከብቶች ሽባ እየሆኑ ሲሞቱ ምክንያቱ ደም ጠጪዋ የሌሊት ወፍ የምታስተላልፈው ራቢስ መሆኑን አረጋገጠ። ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በፔሩ አማዞን፣ ቤታቸው በር በሌለውና ክሊኒክ በጀልባ ቀናት በሚወስድበት መንደር ለሚኖሩ ሰዎች ልጃቸውን ሌሊት የሌሊት ወፍ ነከሰው ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ፔሩ ውስጥ ምን ተገኘ

ዳንኤል ስትራይከርና ባልደረቦቹ በፔሩ የተለያዩ አካባቢዎች የሌሊት ወፍ መንጋዎችን ለዓመታት ተከታትለው፣ ከእያንዳንዷ ጥቂት ደም እየወሰዱ ለራቢስ ተጋልጣ እንደሆነ መረመሩ። ውጤቱ በ2012 ታተመ። መንጋው ትልቅ ቢሆን ትንሽ፣ የተጋለጡት ድርሻ አልተለወጠም። ቁጥር ሲቀንስ በሽታውም ይቀንሳል የሚለው የቅባቱ ዘመቻ መነሻ ሐሳብ የተናጋው እዚህ ላይ ነው። ዘመቻ በተካሄደባቸው ቦታዎችም መጋለጡ አልቀነሰም። ይበልጥ የተጋለጡት ወጣቶቹ ነበሩ፤ ቅባቱ ደግሞ በይበልጥ የሚደርሰው ለአዋቂዎቹ ነው። አዋቂዎቹ ሲሞቱ ባዶ የቀረው ቦታ ከሌላ ዋሻ የሚመጡትን ይጋብዛል፤ ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል።

ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋም፤ ለእውነት ሲባል የ2023ቱ ጥናትም መነገር አለበት። ከኩስኮ፣ ከአፑሪማክና ከአያኩቾ በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተሠራው ይህ ጥናት፣ ቫይረሱ ገና ሳይደርስ አስቀድሞ የተደረገ ግድያ ስርጭቱን ሊያዘገይ እንደሚችል አገኘ። ከብት መሞት ከጀመረ በኋላ የተደረገው ግን ወደ ከብት መተላለፉን አልቀነሰም፤ ስርጭቱንም ያባባሰ ይመስላል። ችግሩ ዘመቻው ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዚህ በዘገየው ሰዓት መሆኑ ነው። አርቢ የሚጮኸው ከብቱ ሲወድቅ ነው፤ ባለሥልጣንም መረብ ይዞ የሚመጣው ጩኸት ሲሰማ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው፦ በዚያ ሰዓት የሚወጣው ገንዘብና ጉልበት ለከብት ክትባትና ለተነከሰ ሰው ፈጥኖ ለሚደርስ ሕክምና ቢውል የሚያድነው ይበልጣል። የከብት ክትባት አለ፣ ይሠራል፤ የጎደለው ተራራና ወንዝ አቋርጦ በረቱ ድረስ ማድረስ ነው።

ሌላም መንገድ እየተሞከረ ነው። ማዲሰን ውስጥ፣ ሊንክ የዋርፋሪንን መነሻ ባገኘበት በዚያው ከተማ፣ ተመራማሪዎች ለሌሊት ወፎች የሚቀባ የራቢስ ክትባት ሲሠሩ ቆይተዋል። ሐሳቡ የቅባቱ ሐሳብ ነው፦ አንዷን ቀብተህ ልቀቅ፣ ሌሎቹ ይልሷታል። የሚለወጠው ቅባቱ ውስጥ ያለው ነገር ብቻ ነው። መላላሱ ክትባትን በዱር ውስጥ ማዳረስ ይችል እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ክትባት አልተጠቀሙም። ፔሩ ውስጥ የሌሊት ወፎችን በመረብ ያዙና መርዝ በሚቀባበት በዚያው የጀርባ ጠጉር ላይ ሮዳሚን የተባለ ቀለም ያለው ዝልግልግ ቅባት ቀቡ። ቀለሙን የላሰች እንስሳ ጠጉሯ እያደገ ሲሄድ ምልክቱን ይይዛል። ከቀናት በኋላ እዚያው ተመልሰው መረብ ዘረጉ፤ ከተያዙት ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ጠጉር ቆርጠው ለቀቋቸው። ውጤቱ የታተመው በ2019 ነው። ማንም ያልቀባቸው የሌሊት ወፎች ጠጉርም በማይክሮስኮፕ ብርሃን ሥር አብርቶ ታየ።